ቤቱን ሳያዩ የማይከፍቱት ጋሽ ከድር

እሑድ ጠዋት ልጄን ናቲን ከአልጋ የሚያወጣው ነገር ጥቂት ነው። ስለዚህ ከቅዳሴ ስወጣ የጊዮርጊስ በር ላይ ቆሞ ሳየው ደነገጥኩ።

«ጋሽ ከድር አረፉ» አለኝ። «ሌሊት ነው። ዛሬ ከቀትር በኋላ ይቀበራሉ።»

አማተብኩ። ነፍሳቸውን ይማር አልኩ። እንባዬ መጣ። ናቲ እጄን ያዘና፣ «እማዬ፣ የሶፋውን ላስቲክ ሳናወልቅላቸው ሄዱ» አለ። በእንባዬ መሃል ሳቅ አመለጠኝ። አፌን በነጠላዬ ሸፈንኩ። ከቅዳሴ የሚወጣው ሰው ዞር እያለ አየን። መርዶ ሰምቶ የሚስቅ ሰው እኔም ባይ ይገርመኝ ነበር። ጋሽ ከድርን ለማያውቅ ሰው ይህን ማስረዳት ከባድ ነው። እስቲ ልሞክር።

ሱቃቸው ከፒያሳ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ በሚወርደው መንገድ ዳር ነበር። ሱቅ ይባል እንጂ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ውጭ ቆሞ ነው የሚያወራው። እስከ ጣራው ድረስ ሬዲዮ፣ ቴፕ፣ ሆዱ የተከፈተ ቴሌቪዥን ተደራርቧል። በኋላ ኮምፒውተር ተጨመረበት። ጋሽ ከድር ረጅም፣ ቀጭን፣ ሁልጊዜ ግራጫ ካፖርት የሚለብሱ ሰው ነበሩ። ሌላው ሰው እስክሪብቶ በሚሰካበት የደረት ኪሳቸው ላይ ካቻቢቴ ይሰኩ ነበር። አባታቸው ከጉራጌ አገር መጥተው እዚያው ድልድዩ አጠገብ ንግድ የጀመሩ ናቸው። እሳቸው ግን አገራቸውን ሲጠየቁ፣ «ከሲኒማው ፊት ለፊት» ነበር መልሳቸው።

ትሑት ነበሩ ብዬ አልዋሽም። «በአራዳ ከእኔ በላይ ያለው የጊዮርጊስን ደወል የሚደውለው ሰውዬ ብቻ ነው። እሱም ማማው ላይ ስለወጣ ነው» ይሉ ነበር።

ብዙ ደንበኛ ያስቀየመ አንድ አመል ነበራቸው። የተበላሸ ዕቃ ተሸክሞ የመጣን ሰው አይቀበሉም። «የት ነው የሚኖረው?» ይላሉ። ዕቃውን ማለታቸው ነው። «ሐኪም እንኳ በሽተኛውን ምን በላህ፣ የት አደርክ ይለዋል። እኔስ? ቤቱን ሳላይ አልከፍትም።» እውነትም አይከፍቱም። የጎረቤቴ ፍሪጅ አልቀዘቅዝ ባለ ጊዜ መጥተው አዩና፣ ከግድግዳው አራቁት፤ በቃ። «ትንፋሽ አጥሮት ነው። አንቺስ ጀርባሽን ግድግዳ ላይ ለጥፈው ቢያቆሙሽ አያጥርሽም?» አሏት። ፍሪጁ እስከ ዛሬ ይሠራል።

ወደ ቤታችን ያመጣቸው የናቲ ኮምፒውተር ነው።

ናቲ ቀን ቀን ፎቶ ቤት ይሠራል። ማታ ደግሞ ጌም ይሠራል። መጫወቱን ሳይሆን መሥራቱን ነው የምለው። መጀመሪያ ልዩነቱ አልገባኝም ነበር። አንድ ቀን አጠገቡ አስቀምጦ አሳየኝ። ስክሪኑ ላይ የኛው ፒያሳ ነው። ሰማያዊ ሚኒባስ ከጊዮርጊስ ተነሥቶ፣ ሰው እየጫነና እያወረደ ወደ ድልድዩ ይወርዳል። የማውቃቸው በረንዳዎች፣ የወርቅ ቤቶቹ መስኮት፣ የፈረሱት ቤቶች ሳይቀሩ ቆመዋል። «ይሄን አንተ ነህ የሠራኸው?» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ተመስገን ብዬ ግንባሩን ሳምኩት።

ለዚህ ሥራ ተራ ኮምፒውተር አይበቃም አለ። ከደመወዙ እየቆጠበ ዕቃውን አንድ በአንድ ገዛ፤ ራሱ ገጣጠመው። ጎኑ መስታወት የሆነ፣ ውስጡ ቀይና ሰማያዊ የሚያበራ ማሽን ነው። ያምራል። ጤና ግን አልነበረውም። ጌሙ ሲከፈት ፋኑ እንደ ወፍጮ ይጮኻል፣ ሚኒባሱ እየተንቀራፈፈ ይሄዳል፣ ከዚያ ሁሉም ድርግም ይላል። ጓደኞቹ ያላደረጉት ነገር የለም። ፕሮግራሙን አጥፍተው እንደገና ጫኑ። የእኔን ቬንትሌተር ደቀኑበት። አንዱማ በረዶ የሆነ የውሃ ጠርሙስ አምጥቶ አጠገቡ አቆመ። ማሽኑ ያው ነው።

አንድ ማክሰኞ ናቲ እራት ላይ፣ «ልሸጠው ነው» አለኝ። «ቅዳሜ የሚገዛው ሰው ይመጣል።»

«ጌሙስ?»

«ይቅር፣ እማዬ። የማይሆን ነገር ነው።»

አባቱ ካረፈ ወዲህ ይህ ልጅ አንድ ነገር እንዲህ ወዶ ሲሠራ አላየሁም ነበር። ይቅር ያለው ጌሙን ብቻ አልመሰለኝም።

በማግስቱ ወደ ምሳ ሰዓት ሥላሴ ደርሼ ስመለስ፣ ወደ ጋሽ ከድር ሱቅ ወረድኩ።

«የልጄ ኮምፒውተር ይግላል፤ ከዚያ ይጠፋል። ላምጣልዎ?»

«እንዳታመጪው! የት ነው የሚኖረው?»

«ሳሎን፤ ከሶፋው አጠገብ።»

«ሻይ አለ?»

«አይጠፋም።»

«እንግዲያው መጣሁ» አሉና የካፖርታቸውን ቁልፍ ቆለፉ።

ናቲ ለምሳ ቤት መጥቶ ነበር። ሲያያቸው ደስ አላለውም። ጋሽ ከድር ገብተው ሳሎኑ መሃል ቆሙ። ማሽኑን ዞር ብለውም አላዩት። መጀመሪያ ያዩት ሶፋውን ነው። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሪሞት። ከዚያ ጥግ ላይ ያለውን ፍሪጅ። እጃቸውን ኋላ አጣምረው፣ ቤት ሊከራይ የመጣ ሰው ይመስሉ ነበር።

«አብራው እስቲ» አሉት።

ናቲ አብርቶ ጌሙን ከፈተ። የስክሪኑ ጥግ ላይ የፕሮሰሰሩን ሙቀት የሚያሳይ ቁጥር አለ። ሲወጣ አየነው፤ ሰባ፣ ሰማንያ፣ ዘጠና። ፋኑ መጮኽ ጀመረ። እኔ የጠበል ጠርሙሴን ይዤ ጠጋ አልኩ።

«የናቲ እናት፣ ጸሎቱን ቀጥይ። ጠበሉን ግን መልሺው፤ ኤሌክትሪክ ያለበት ነገር ነው።»

መለስኩት። የማሽኑን ጎን ከፈቱ። ፕሮሰሰሩ ላይ ተደፍቶ የተቀመጠ ትልቅ የብረት ማቀዝቀዣ አለ። እናት የልጇን ግንባር እንደምትነካ፣ በእጃቸው ጀርባ ነካ አደረጉት። ከዚያ እጃቸውን ወደ ማሽኑ ኋላ ወስደው የሚወጣውን ንፋስ ዳሰሱ።

«ናቲ፣ ብረቱን ንካው።»

«ቀዝቃዛ ነው።»

«ንፋሱስ?»

«እሱም ቀዝቃዛ ነው።»

«ቁጥሩ ምን ይላል?»

«ዘጠና አምስት።»

«እና ሙቀቱ የት ገባ? ከሥር ምድጃው ይነዳል፤ የተጣደው ድስት ግን አልሞቀም። በምድጃውና በድስቱ መሃል አንድ ነገር አለ ማለት ነው።»

ማሽኑ ድርግም አለ። ጋሽ ከድር ወደ እኔ ዞሩ።

«የናቲ እናት፣ ይሄ ሶፋ መቼ ተገዛ?»

«ናቲ ስድስተኛ ክፍል እያለ። አባቱ ነው የገዛው።»

«የለበሰው ላስቲክስ?»

«አብሮት ነው የመጣው።»

«ሪሞቱ ለምን ፌስታል ለበሰ?»

«እንዳይቆሽሽ።»

«የፍሪጁ በር ላይ ያለው ላስቲክስ?»

«አዲስ ስለሆነ ነዋ።»

«መቼ ነው አዲስ የሆነው?»

ትከሻቸው በሳቅ መንቀጥቀጥ ሲጀምር አየሁ።

«አልሐምዱሊላህ፣ በሽታውን አገኘሁት። ናቲ፣ ይሄን ማቀዝቀዣ ስትገጥመው ሆዱ ላይ ስስ ላስቲክ ተለጥፎበት ነበር?»

«አዎ።»

«ምን አደረግከው?»

ናቲ ወደ እኔ አየ። ወደ ሶፋው አየ። ጆሮው ቀላ።

«ተውኩት» አለ ቀስ ብሎ። «እንዳይጫጫር ብዬ።»

ጋሽ ከድር ሶፋው ላይ ወደቁ። ላስቲኩ ከሥራቸው ተንጫጫ። ያ ድምፅ ደግሞ ሳቃቸውን አባሰው። «ወላሂ! ወላሂ ይሄን የትም አገር አይሠሩትም! አንተ የዚህ ቤት ልጅ ነህ! ሌላ ቤት ብታድግ ኖሮ ቀደህ ትጥለው ነበር!» ናቲ መጀመሪያ አንገቱን ደፋ። ከዚያ አፉን ይዞ፣ ከዚያ ሳይዝ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። በዚያ ቤት እንደዚያ የተሳቀው መቼ እንደነበር እንጃ።

ከኪሳቸው ካቻቢቴውን አውጥተው ለናቲ ሰጡት። «ያለበስከው አንተ፤ የምታወልቀውም አንተ» አሉ።

ናቲ ብሎኖቹን ፈትቶ ማቀዝቀዣውን አነሣው። ላስቲኩ ከሥሩ ተጣብቆ፣ ከሙቀቱ ብዛት ተኮማትሮ ተገኘ። ከመግጠም በፊት እንዲወልቅ የሚያዝ ቀይ ጽሑፍ አለበት። ጋሽ ከድር ጽሑፉን ጮክ ብሎ እንዲያነብልን አደረጉት፤ ሁለት ጊዜ። ከዚያ ፕሮሰሰሩንና ብረቱን በአልኮል አስጠረጉት። እንደ ጥርስ ሳሙና ካለ ትንሽ ቱቦ ግራጫ ቅባት አውጥተው የምስር ፍሬ የምታህል ጠብ አደረጉበት። «ሙቀቱ የሚሻገርባት ድልድይ ናት» አሉን። ናቲ መልሶ ገጠመው።

ማሽኑ በራ። ጌሙ ተከፈተ። ሚኒባሱ ከጊዮርጊስ ተነሣ። ሦስታችንም ሚኒባሱን ትተን ቁጥሩን እናያለን። ሃምሳ። ሃምሳ ስምንት። ስልሳ ሁለት። እዚያ ላይ ቆመ። ሚኒባሱ ድልድዩን ተሻገረ። ፋኑ ድምፁ የለም። ድንግል ማርያም፣ አመሰግንሻለሁ አልኩ በልቤ።

«ነይ፣ የናቲ እናት። እጅሽን ከኋላው አድርጊ።»

አደረግሁ። ለብ ያለ ንፋስ መዳፌ ላይ አረፈ።

«ይሄ ነው ጤና። ሙቀት ሲወጣ አትፍሪ፤ አልወጣ ሲል ነው የምትፈሪው። አሁን ይተነፍሳል።»

ናቲ ዋጋቸውን ሲጠይቅ ሻያቸውን እያማሰሉ፣ «ከዚያ ሚኒባስ ላይ ነው የምወስደው» አሉ። «ጌምህ ሲያልቅ የመጀመሪያው ተሳፋሪ እኔ ነኝ። ጋቢና።» ናቲ እዚያው ፊታችን ስልኩን አንሥቶ ለገዢው ደወለለት፤ አይሸጥም አለው። ጋሽ ከድር የተኮማተረውን ላስቲክ በመሐረባቸው ጠቅልለው ይዘው ሄዱ። በማግስቱ ሱቃቸው መስታወት ላይ ተለጥፎ አየሁት። ለመጣው ሰው ሁሉ ታሪኩን ይናገራሉ። በየቀኑም ይጨምሩበታል። በመጨረሻ ላይ እኔ ራሴ ላስቲክ ለብሼ በር የከፈትኩላቸው ሆኜ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ቤተኛ ሆኑ። በገቡ ቁጥር ሶፋው ላይ ሆን ብለው ይወዛወዛሉ፤ እንዲንጫጫ።

«መቼ ነው የምታወልቂው?»

«ለእንግዳ ነው የማስቀምጠው።»

«እኔ ምንድን ነኝ?»

«እርስዎማ የቤት ሰው ነዎት።»

«በላስቲክ ላይ የሚቀመጥ የቤት ሰው!» ይሉና ጭንቅላታቸውን ይይዛሉ። የናቲ አባት የገዛው ሶፋ ነው። ላስቲኩ ከወለቀ ያልቃል ብዬ እፈራ ነበር። ይህን ነግሬያቸው አላውቅም፤ የገባቸው ይመስለኛል። መቀስ ግን አንሥተው አያውቁም።

አንድ የከተራ ዕለት የሰፈራችን ወጣቶች ሞንታርቦው ተበላሸባቸው። ታቦቱ ሊወጣ ጥቂት ነው የቀረው። በጋሪ ጭነው ወደ ሱቃቸው ሮጡ። ጋሽ ከድር እንደ ልማዳቸው «የት ነው የሚኖረው?» ቢሉ፣ ልጆቹ «ኧረ ጋሽ ከድር፣ በሞቴ! መንገድ ላይ ነው የሚኖረው!» ብለው ጮኹ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይሟገቱ ተሸነፉ። እዚያው ጋሪው ላይ እንዳለ የተቃጠለች ሽቦ ቀየሩለት። ከዚያ ማይክራፎኑን ይዘው ለሙከራ፣ «የናቲ እናት! ሻዩን ጣጂው፤ መጣሁ!» አሉ። ሞንታርቦው ሠርቷል። ከጊዮርጊስ እስከ ድልድዩ ያልሰማ የለም። እኔ ነጭ ለብሼ ከሴቶቹ ጋር ተሰልፌያለሁ። የሚያውቀኝ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እስከ ዛሬ በጥምቀት ሰሞን፣ «ሻዩ ተጣደ?» የሚሉኝ አሉ።

ጌሙንም አልፎ አልፎ እየመጡ ይፈትኑለት ነበር። ሚኒባሱን ቀጥታ ወደ ወንዙ ይነዱትና ፍሬኑን ይሳደባሉ። አንድ ቀን፣ «አቦ ናቲ፣ የአንተ ተሳፋሪዎች ምነው ዲዳ ሆኑ? ወራጅ የማይል ተሳፋሪ የት አገር ነው ያለው?» አሉት። ናቲ ስልኩን አወጣና፣ «እንግዲያው እርስዎ ይበሉልኝ» አላቸው። ጉሮሯቸውን ጠርገው ተነሡ። ካፖርታቸውን አስተካከሉ። «ወራጅ አለ!» ብለው ቤቱን አናጉት። ናቲ ቀዳው።

ከዚያ መንገዱ ሲሰፋ ሱቃቸው ተነሣ። ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ገቡ። አላማረሩም። «አሁን ፒያሳ ለመምጣት ስንቅ መያዝ አለብኝ» ይሉ ነበር። እውነትም ብስኩት በኪሳቸው ይዘው ይመጡ ነበር። በኋላ እግራቸው ደከመ። ስልክ ብቻ ሆነ። ናቲም ማታ ማታ በክፍያ የሚቀበለው የሰው ሥራ በዛበትና ጌሙን ወደ ጎን አደረገው።

«ታክሲው ደረሰ?» ይሉታል።

«ትንሽ ቀረው፣ ጋሽ ከድር።»

«ድልድዩ ተጨናንቋል? እጠብቃለሁ፤ ጋቢናውን ብቻ እንዳትሰጥብኝ!»

ይህን ሲጠብቁ ነው ያረፉት።

ከቀብር በኋላ እኔና ናቲ ለቅሶ ደረስን። ወንዶቹ ውጭ ድንኳን ውስጥ ናቸው። ሴቶቹ ሳሎን ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠናል። ባለቤታቸው እትዬ ዘይነብ መሃላችን ናቸው። ዓይኔን ቀና ሳደርግ ግድግዳውን ተጠግቶ የቆመ አዲስ ሶፋ አየሁ። ከላይ እስከ ታች ላስቲክ ለብሷል።

ጥርሴን ነከስኩ። ወደ መሬት አየሁ። ወደ ጣራው አየሁ። አልሆነም። ትከሻዬ ተንቀጠቀጠ። ሴቶቹ የማለቅስ መስሏቸው፣ «አይዞሽ» ይሉኛል። እትዬ ዘይነብ ግን አወቁብኝ።

«ሳቂ፣ የኔ እህት፣ ሳቂ» አሉኝ። «እኔም ከጠዋት ጀምሮ እያየሁት ነው። ‹የሰው ላስቲክ ስታወልቅ ኖረህ የራስህን ልታለብስ?› ብዬ ብጠይቀው፣ ‹ናቲ ጌሙን ጨርሶ ያመጣ ቀን ይወልቃል። እስከዚያ ማንም አይቀመጥበትም› አለኝ። በላስቲኩ ላይ እንኳ ሳይቀመጥበት ሄደ።»

ይህን ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ለናቲ ነገርኩት። ቤት ገብቶ ጫማውን ሳያወልቅ ማሽኑን አበራ። እኔም መቀስ አነሣሁና ላስቲኩን ከሶፋው ጫፍ መቅደድ ጀመርኩ። ልብሱ ቡናማ ነው ብዬ ሳስብ ኖሬያለሁ። ለካ ወይን ጠጅ ነው።

ናቲ የሰው ሥራ መቀበል አቆመ። ከፎቶ ቤት ሲመለስ እዚያው ሶፋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ይላል። እኔ አጠገቡ ዳዊቴን እደግማለሁ። አንድ ቀን፣ «አለቀ» አለኝ።

ማሽኑን በጋቢ ጠቅልለን፣ ናቲ ጭኑ ላይ አቅፎት እትዬ ዘይነብ ቤት ሄድን። የልጅ ልጆቻቸው ተሰብስበዋል። እትዬ ዘይነብ መቀሱን ይዘው «ቢስሚላህ» አሉ፤ ላስቲኩ ከዳር እስከ ዳር ተቀደደ። ልጆቹ ተሻምተው ሶፋው ላይ ዘለሉ። እኔና እትዬ ዘይነብ በመሃላቸው ተጣበን ተቀመጥን። ልስልስ ያለ ነው።

ናቲ ማሽኑን ከቴሌቪዥናቸው ጋር አያይዞ ጌሙን ከፈተ። ሚኒባሱ ከጊዮርጊስ በታች ቆሟል። ባዶ ነው። አሁን ከሌለችው ሱቅ በር ላይ አንድ ረጅም፣ ቀጭን ሰው ተነሣ። ግራጫ ካፖርት ለብሷል፤ ደረቱ ላይ ካቻቢቴ ሰክቷል። መንገዱን አቋርጦ ጋቢና ገባ። ሚኒባሱ ወደ ድልድዩ ወረደ። ድልድዩ ጋ ሲደርስ ድምፁ ቤቱን ሞላው፦

«ወራጅ አለ!»

ልጆቹ ጮኹ። እትዬ ዘይነብ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ፤ ከዚያ እየሳቁ እንባቸውን ጠረጉ። «ድገመው» አሉት ናቲን። ደገመው። ልጆቹም በየተራ እንንዳ ብለው ተጋፉ። ያ ሰው እየወረደ እንደገና ይሳፈራል፤ ሁልጊዜ ጋቢና።

እኔ ቀስ ብዬ ተነሣሁና እጄን ከማሽኑ ኋላ አደረግሁ። ለብ ያለ ንፋስ መዳፌ ላይ አረፈ። ይተነፍሳል።